ሌዋታን፤ የባሕሩ ዘንዶ በአሕዛብ ተረትና በቅዱስ መጽሐፍ

መዝሙረ ዳዊትን በጸሎት የሚደግም ምእመን መዝሙር 73 (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 74) ላይ ሲደርስ አንድ እንግዳ ነገር ያጋጥመዋል። እግዚአብሔር በውኃ ውስጥ የዘንዶውን ራሶች እንደ ቀጠቀጠና ለኢትዮጵያ ሰዎችም ምግብ አድርጎ እንደ ሰጠ ይነበባል። ይህ ዘንዶ ማን ነው? ራሱስ አንድ ሳይሆን ስለ ምን ብዙ ሆነ? ኢትዮጵያስ በዚህ ነገር ውስጥ እንዴት ገባች?

ጥያቄው የጥቂት ሊቃውንት ብቻ አይደለም። ስለ ጥንት ሕዝቦች አማልክት በትምህርት ቤት የተማረ ወጣት፣ «ይህማ የአሕዛብ ተረት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም ከእነርሱ የቀዳው ነው» ሲባል ይሰማል። አንዳንዱ በዚህ ይደነግጣል፤ ሌላው ደግሞ ጥያቄውን በልቡ ሸሽጎ ከጸሎት ቀስ በቀስ ይርቃል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የዘንዶውን ታሪክ ከሥሩ ጀምረን እንመረምራለን። ተመሳሳይነቱን አንሸሽግም፤ ልዩነቱ የት ላይ እንደ ሆነ ግን እናያለን።

1. በኡጋሪት የተገኙት ጽሑፎች

እ.ኤ.አ. በ1928 በሶርያ የባሕር ዳርቻ፣ ከላታኪያ ከተማ በስተሰሜን አንድ ገበሬ እርሻውን ሲያርስ ማረሻው ከጥንታዊ መቃብር ድንጋይ ጋር ተጋጨ። በሚቀጥለው ዓመት በክሎድ ሼፈር የሚመሩ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው መቆፈር ጀመሩ። በአቅራቢያው ካለው ራስ ሻምራ ከተባለው ጉብታ ሥር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጠፋችው የኡጋሪት ከተማ ተገኘች። በቤተ መቅደሶቿና በቤቶቿ ውስጥ ሠላሳ ፊደላት ባሉት፣ በሸክላ ላይ በሚቀረጽ ጽሕፈት የተጻፉ ጽላቶች ነበሩ። ቋንቋው የዕብራይስጥና የግዕዝ ዘመድ ስለ ነበረ ሊቃውንት በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሊያነቡት ቻሉ። ለእኛ ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ በ1988 እዚያው የተገኘች አንዲት ጽላት ፊደላቱን የምትደረድረው ልጆቻችን እስከ ዛሬ እንደሚቆጥሩት በ«ሀ ለ ሐ መ» ቅደም ተከተል ነው።

ከጽላቶቹ መካከል ስድስቱ የበዓልን ታሪክ ይተርካሉ። በዓል የዝናብና የነጐድጓድ አምላክ ነው፤ ስሙም «ጌታ፣ ባለቤት» ማለት ነው። ጠላቱ ያም ይባላል፤ ይኸውም ባሕር ማለት ነው። የያም መልእክተኞች በአማልክት ጉባኤ ፊት በቀረቡ ጊዜ አማልክቱ ከፍርሃት የተነሣ ራሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ዝቅ አደረጉ። በዓል ግን በጥበበኛው አንጥረኛ የተሠሩለትን ሁለት ዱላዎች ይዞ ባሕርን መታው፤ ጣለውም። ከዚያ በኋላ ሌላ ባላጋራ ተነሣበት። የዚህኛው ስም በእኛም ቋንቋ የታወቀው «ሞት» ነው። ሞት ለበዓል በላከው መልእክት ውስጥ በዓል ቀደም ሲል የገደለውን ባለ ሰባት ራስ፣ ተጠምጣሚ እባብ ያነሣል። የእባቡ ስም በጽላቱ ላይ ል፣ ት፣ ን በሚሉ ሦስት ፊደላት ተጽፏል፤ ሊቃውንትም ይህ ስም ሌዋታን ከሚለው የዕብራይስጥ ስም ጋር አንድ መሆኑን ይመሰክራሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 27 ቁጥር 1 ላይ ሌዋታንን የሚጠራባቸው ሁለት ቅጽሎችም በዚያች ጽላት ላይ ከእባቡ ስም ጋር ተያይዘው ይገኛሉ።

የኡጋሪት ሰዎች ይህን የተረኩት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ከተማይቱ በመርከብ ንግድ ትኖር ነበር። በበዓል ቤተ መቅደስ ውስጥ የድንጋይ መልሕቆች ተገኝተዋል፤ ከማዕበል ያመለጡ ወይም ለማምለጥ የተሳሉ መርከበኞች ያቀረቧቸው ስእለቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ስለዚህ ከተረቱ በስተ ጀርባ የሚፈራና የሚጨነቅ ሰው ጸሎት አለ።

2. በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ

ከዘንዶ ጋር የሚደረግ ውጊያ የኡጋሪት ብቻ አይደለም። በባቢሎን ትረካ ማርዱክ የተባለው አምላክ ትያማት የተባለችውን የባሕር እናት ገድሎ አካሏን እንደ ደረቅ ዓሣ ለሁለት ከፈለው፤ ከግማሹም ሰማይን ሠራ። ሰውን ደግሞ የአማልክቱን የጉልበት ሥራ እንዲሸከም ከአንድ ወንጀለኛ አምላክ ደም አበጀው። ይህ ትረካ በባቢሎን በየዓመቱ በአዲስ ዓመት በዓል ይነበብ ነበር። በግብፅ አፖፊስ የተባለው እባብ ራ የሚባለው የፀሐይ አምላክ የሚጓዝበትን ጀልባ በየሌሊቱ ያጠቃል። በሕንድ ኢንድራ ውኆችን አግዶ የያዘውን ቭሪትራን ይገድላል። በግሪክ ሄራክሊስ ራሱ በተቆረጠ ቁጥር ሌላ ራስ ከሚያበቅለው ሂድራ ጋር ይታገላል። በሰሜን አውሮፓ ደግሞ ቶር በዓለም ፍጻሜ ምድርን የከበበውን እባብ ከገደለ በኋላ ዘጠኝ እርምጃ ተራምዶ በመርዙ ይሞታል። በሀገራችንም አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡ ግብር ያቀርብለት እንደ ነበረ፣ ኋላም በሰው እጅ እንደ ተገደለ ከአባቶች ሲወርድ የመጣ ትረካ አለ።

እነዚህን ትረካዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ ሰው በየትም ቦታ የማይገዛለትን ኃይል፣ ይኸውም ባሕርን፣ ጨለማን፣ ድርቅንና ሞትን፣ በዘንዶ አምሳል ማየቱ ነው። ሁለተኛው፣ ድሉ የማያስተማምን መሆኑ ነው። አፖፊስ በማግስቱ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። በዓል ባሕርን ቢያሸንፍም በሞት ይዋጣል። ቶርም ከገደለው ጋር አብሮ ይወድቃል። አማልክቱ ራሳቸው የሚፈሩ ከሆነ በእነርሱ የሚታመን ሰው በምን ይጽናናል?

3. ቅዱስ መጽሐፍ ዘንዶውን ምን አደረገው?

የእስራኤል ልጆች በከነዓን ምድር ከእነዚህ ሕዝቦች ጋር ጎረቤት ሆነው ኖሩ፤ ኋላም ወደ ባቢሎን ተማርከው ሄዱ። የዘንዶውን ስም ያውቁ ነበር፤ በጸሎታቸውም ተጠቀሙበት። ነገር ግን ዘንዶው ወደ ቅዱስ መጽሐፍ ሲገባ አምላክነቱን ከደጅ ጥሎ ነው የገባው።

አስቀድመን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን እንመልከት። ጥልቁ አለ፤ ጨለማው አለ፤ ውጊያ ግን የለም። እግዚአብሔር በዱላ አይመታም፤ ይናገራል፣ ይሆናልም። በአምስተኛው ቀን የባሕር ታላላቅ አራዊት ሲነሡ ጸሐፊው ሰማይንና ምድርን ስለ መፍጠር የተጠቀመበትን ያንኑ «ፈጠረ» የሚለውን ቃል ይደግመዋል፤ እግዚአብሔርም መልካም እንደ ሆነ አየ። ሰውም የአማልክት ባሪያ እንዲሆን ከወንጀለኛ ደም አልተሠራም፤ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ እንጂ።

ከዚህ ቀጥለን ስለ ሌዋታን የሚናገሩ ሦስት ቦታዎችን እናስተያይ። መዝሙር 103 (104) ቁጥር 26 ስለ አሁን ይናገራል፤ መርከቦች በሚመላለሱበት ባሕር ሌዋታንም ለጨዋታ የተፈጠረ ፍጥረት ነው። መዝሙር 73 ስላለፈው ይናገራል፤ እግዚአብሔር ራሶቹን ቀጥቅጧል። ኢሳይያስ 27 ስለሚመጣው ይናገራል፤ ጌታ በዚያ ቀን በብርቱ ሰይፉ ይቀጣዋል። ስለዚህ ያለፈውም፣ ያለውም፣ የሚመጣውም ጊዜ በአንድ ጌታ እጅ ነው።

ሆኖም መዝሙር 73 የድል መዝሙር አለመሆኑን ልብ እንበል። መቅደሱ ተቃጥሏል፤ ነቢይ የለም፤ መከራው እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ዘማሪው የዘንዶውን ራሶች የሚያስታውሰው በፍርስራሽ መካከል ቆሞ፣ «ጌታ ሆይ፣ ያን ያደረግህ አንተ ዛሬ ስለ ምን ዝም አልህ?» በሚል መንፈስ ነው። በዓይኑ የሚያየው ጠላት ሲያሸንፍ ነው፤ የሚጠራው ግን እግዚአብሔርን ነው። እምነት ማለት ዘንዶውን አለማየት አይደለም፤ ዘንዶውን እያዩ ለዘንዶው አለመስገድ ነው።

የኢትዮጵያ ስም የገባውም በዚሁ መዝሙር ነው። የዕብራይስጡ ቃል የምድረ በዳ ነዋሪዎችን ያመለክታል። በሰብዓ ሊቃናት ስም የሚታወቀው የግሪክ ትርጉም ግን «የኢትዮጵያ ሕዝቦች» ብሎ ተረጐመው። የግዕዙ መዝሙረ ዳዊት ከግሪክ የተተረጐመ በመሆኑ አባቶቻችን እንዲሁ ተቀበሉት። ሰውን የሚውጠው ዘንዶ ራሱ ለራብተኛ መብል ሆነ ማለት ነው።

በመጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ ሌዋታን በምዕራፍ 40 እና 41 በሰፊው ይገለጻል። ልጆቹን፣ ሀብቱንና ጤናውን ያጣው ኢዮብ፣ «ስለ ምን?» ብሎ ለጠየቀው ጥያቄ በምክንያት መልክ መልስ አላገኘም። እግዚአብሔር ሰው ሊያለምደው የማይችለውን ፍጥረት አሳየው እንጂ። ኢዮብ ከዚያ የተረዳው ይህን ነው፤ ለእርሱ የማይገዛው ሁሉ ከእግዚአብሔር እጅ ውጭ ነው ማለት አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች መከራውን የኃጢአቱ ዋጋ አድርገው ተናግረው ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ገሠጻቸው።

4. ከመጽሐፈ ሄኖክ እስከ ዮሐንስ ራእይ

ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 60 ሁለት አራዊት ስለ መለየታቸው ይናገራል። ሴቲቱ ሌዋታን በባሕር ጥልቅ፣ በውኃ ምንጮች ላይ ትኖራለች፤ ወንዱ ብሔሞት ግን በምድረ በዳ ይኖራል። መጽሐፉ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ባይገባም፣ አይሁድ ከክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ ስለ ሌዋታን ምን ያስቡ እንደ ነበር ያስረዳናል። በዚያም ቢሆን ሁለቱን አራዊት በየቦታቸው የሚመድባቸው እግዚአብሔር ነው።

ይህን ይዘን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን ስናነብ የሐዋርያት መደነቅ ይገባናል። ማዕበሉ ጀልባይቱን ሲመታ ጌታ ኢየሱስ ተኝቶ ነበር። በነቃ ጊዜ መሣሪያ አላነሣም፤ ባሕሩን በቃሉ ብቻ ገሠጸው፤ ጸጥታም ሆነ። ሐዋርያት ይህ ማን ነው ብለው እርስ በርሳቸው የተጠያየቁት ባሕርን በቃል የሚያዝዝ አንድ ብቻ መሆኑን ከመዝሙሩ ስለ ተማሩ ነው። በዮሐንስ ራእይም ባለ ሰባት ራሱ ዘንዶ በምዕራፍ 12 ተመልሶ ይመጣል፤ ስሙም ዲያብሎስ ተብሎ ይገለጣል፤ በመጨረሻም ይጣላል። አዲሱ ሰማይና አዲሱ ምድር በተገለጡ ጊዜ ባሕር ከእንግዲህ ወዲያ የለም።

5. ለሕይወታችን

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1943 ባወጡት ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ጥናት በሚናገረው ሐዋርያዊ መልእክት፣ የቅዱሳን ጸሐፊዎችን አሳብ ለመረዳት የጥንት ምሥራቅ ሕዝቦችን የአነጋገር ስልት ማወቅ እንደሚገባ አስተምረዋል። ስለዚህ ወጣቱ ሲጠይቀን አንቆጣው። ስሙና ምሳሌው ከጎረቤት የመጣ ነው ብለን በግልጽ እንንገረው፤ የተነገረበት እምነት ግን የጎረቤት አይደለም። አሕዛብ በዚህ ቋንቋ ፍርሃታቸውን ነገሩን፤ ነቢያት ደግሞ በዚያው ቋንቋ ፍርሃት አምላክ አለመሆኑን ነገሩን።

አርዌ በትረካው የነገሠው ሕዝቡ ግብር ስላቀረበለት ነበር። ዛሬም ሰው ከበሽታ፣ ከድኅነት ወይም ከሞት ፍርሃት የተነሣ ለማይታዩ ኃይላት ግብር ሲያቀርብ የሞተውን ዘንዶ መልሶ ያነግሠዋል። ሐኪም መጠየቅ፣ ለተቸገረ እጅን መዘርጋት፣ በጭንቅ ጊዜም ከዘማሪው ጋር ወደ እግዚአብሔር መጮህ ከዚህ ይለያል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ማዕበል እንደማይነካው አልተነገረውም። በጀልባይቱ ውስጥ ከማን ጋር እንዳለ ግን ያውቃል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በማርዱክ ትረካና በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 መካከል ሰው ስለ ተፈጠረበት ዓላማ ምን ልዩነት አለ?

2. መዝሙር 73ን በሙሉ አንብቡ። ዘማሪው በመከራው መካከል ያለፈውን የእግዚአብሔር ሥራ ማስታወሱ ለጸሎታችን ምን ያስተምረናል?

3. በአካባቢያችን ሰዎች ከፍርሃት የተነሣ ግብር የሚያቀርቡለት ነገር ምንድር ነው? እነርሱን ሳንንቅ እንዴት ልንረዳቸው እንችላለን?