ያለ እሳት የሚዘጋጅ የተምርና የሰሊጥ መክሰስ

በሐርጌሳ ገበያ ከሚገኘው ተምርና ሰሊጥ ከሰል ሳያባክኑ ለልጆችዎ ኃይል ሰጪ መክሰስ ማዘጋጀት ይችላሉ።

የሚያስፈልጉ፦ 2 ስኒ ፍሬው የወጣለት ተምር፣ 1 ስኒ የተቆላ ሰሊጥ፣ ግማሽ ስኒ ተቆልቶ የደቀቀ ለውዝ።

አዘገጃጀት፦
1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
2. ተምሩን በሙቀጫ ወቅጠው ከሰሊጡና ከለውዙ ጋር ይሹት። ውኃ አይጨምሩ፤ ቶሎ ያሻግተዋል።
3. በንጹሕ ትሪ ላይ ጠፍጥፈው ይቁረጡት፤ በክዳን ዕቃ ያስቀምጡት።

ጥንቃቄ፦ የሻገተ ለውዝ ይጣሉ፤ መርዙ ጉበትን ይጎዳል፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሙሉ ለውዝ ትንንሽ ልጆችን ሊያንቅ ይችላል። እስከ 6 ወር ድረስ ለሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይሰጠዋል።

ያስታውሱ! ልጅዎ በጣም ከከሳ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ይህ መክሰስ አያድነውም፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።