ፋይሉ ተከፈተ፤ ጽሑፉስ?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ አዛውንት ቃለ ምልልስ አድርጌ ጽሑፉን ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ተየብኩ። በፍላሽ ይዤው መጥቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን አማርኛ የሚባል ነገር የለም፤ ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ነው። ጓደኞቼ "ቫይረስ በልቶታል" አሉ። እኔም "ቴክስት ብቻ" በሚለው ሴቭ አድርጌ የቀድሞውን ፋይል አጠፋሁት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር።

ሰነድ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲሄድ የሚቸግረን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የፋይሉ ዓይነት ነው። ለምሳሌ ኦፊስ 2007 ሲመጣ የወርድ ፋይል ከ"ዶክ" ወደ "ዶክኤክስ" ተቀየረ፤ ኦፊስ 2003 ደግሞ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይከፍተውም ነበር። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ሊብሬኦፊስም የወርድን ፋይል ይከፍታል፤ ሆኖም ሰንጠረዡና የገጹ አቀማመጥ አንዳንዴ ይዛነፋል። ይህኛው ችግር ቢያንስ ቃሉን አይነካም።

ሁለተኛው የፊደሉ ኮድ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። የእኛ ፊደል የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ አስቀምጠውት ነበር። አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ስለሆነ ፎንቱ ከሌለ ላቲኑ ይወጣል። በዚያ ላይ አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላው፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመር ስለማይበቃ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈሉት። እናም አንድ ቁጥር በአንዱ ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላው ሌላ ፊደል ሊሆን ይችላል። "ቴክስት ብቻ" ስንል የፎንቱ ስም ይጠፋል፤ የትኛው ፊደል እንደነበር መለየትም አይቻልም።

ስለዚህ ከመንካታችን በፊት እንይ። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ብዙውን ጊዜ ኮዱ ደህና ነው፤ እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያለ የዩኒኮድ ፎንት መጫን ይበቃል። ላቲን ከወጣ ግን የተጻፈበትን ፎንት እንፈልግ። ዋናውን ፋይል ሳንነካ ኮፒው ላይ እንሥራ። አዲስ ጽሑፍ በዩኒኮድ እንጻፍ፤ ስንልክም ፒዲኤፉን አብረን እናያይዝ።

እኔ ዜናውን ከማስታወሻ ደብተሬ እንደገና ጻፍኩት። የአዛውንቱን አንድ ንግግር ግን በትክክል ስላላሰፈርኩት ተውኩት። በግምት መሙላት እችል ነበር፤ ግን ያኔ ቃሉ የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ይሆን ነበር።