ባሕርን በፎቅ ቤት ማኖር፤ የመጀመሪያው የጨው ውኃ አኳሪየም መሣሪያ አመራረጥ

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ እያኖሩ መመልከት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በየሆቴሉ መግቢያና በየክሊኒኩ ወረፋ መጠበቂያ ቀያይ ዓሦች ወዲያና ወዲህ ሲሉ አይተናል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉም ማለት ይቻላል እንደ ጣናና እንደ ሐዋሳ ባለ ጨው አልባ ውኃ የሚኖሩ ዘሮች ናቸው። የባሕርን ዓሣ በቤት ማኖር ከዚህ የተለየ ዕውቀት፥ የተለየ መሣሪያና የተለየ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በልደታ ኮንዶሚኒየምና ይህን በመሰለ ፎቅ ቤት የሚኖር፥ ኪሱም እንደ እኛ የተማሪ ኪስ የሆነ ሰው፥ አስቀድሞ ምን፥ ቀጥሎስ ምን መግዛት እንደሚገባው ለማስረዳት ነው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የጎደለውን ቢሞሉልን ቅር አይለንም።

አንዳንድ አንባቢ «በዚህ ኑሮ ውድነት የባሕር ዓሣ ምን ያደርግልናል?» ሳይል አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ከዚያ ወዲህ የተወለድን ሁሉ ምፅዋንና አሰብን የምናውቃቸው ከወላጆቻችን አፍ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ሁለት ነጭ ቀበቶ ያለውን የቀይ ባሕር ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1830 በሳይንስ ስም ሰይሞ፥ ጥቂት ቆይቶም በምፅዋ በኩል ገብቶ እስከ ጎንደር ዘልቋል። ባሕሩና ደጋው በአንድ ሰው ጉዞ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። በሳሎን ጥግ ያለች አንዲት ገንዳ ባሕርን አትተካም። ሆኖም ውኃ፥ አየር፥ ጨውና ሕይወት እንዴት እንደ ተሳሰሩ ለቤተ ሰብ ሁሉ ታስተምራለች።

ነገሩ ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። በንግድ ከሚዘዋወሩት የባሕር ጌጥ ዓሦች የሚበዙት ዘሮች ከባሕር ተጠምደው የመጡ እንጂ በሰው እጅ የተወለዱ አይደሉም። ስለዚህ ባለቤቱ ባለመዘጋጀቱ የሚሞት ዓሣ በከንቱ ከባሕር የወጣ ዓሣ ነው። ከዚህም በላይ የተቆጠበው ገንዘብ፥ ከታች ያለው ጎረቤት ጣራና የቤተ ሰቡ ፈቃድ አብረው ይጠፋሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት የፈሰሰው የባሕር ውኃ ከሆነ አይሠራም፤ የሚለቀም ነገር የለምና።

ሻጭ መጀመሪያ የሚያሳየን ያማረውን መስተዋትና ሰማያዊውን መብራት ነው። እኛ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እንላለን። አስቀድሞ እስትንፋስ፥ ቀጥሎ ውኃና ጨው፥ ከዚያ ሙቀት፥ ብርሃንም በመጨረሻ። ምክንያቱን በየተራው እናያለን።

1ኛ. እስትንፋስ

ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ይህ ኦክስጅን በሦስት ምክንያት ይቀንሳል፤ ውኃው ሲሞቅ፥ ጨው ሲጨመርበትና የአየር ግፊት ሲያንስ። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ጨው አልባ ውኃ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ውኃው የባሕር ውኃ ከሆነ መጠኑ ከ7 በታች ይወርዳል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ የእኛ ገንዳ በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም ብዙ አይበልጥም።

በባሕር ዳር አገር ሰዎች የተጻፉት መምሪያዎች ይህን አያነሡም፤ የእነርሱ ችግር አይደለምና። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ይህ ነው። መብራት ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆም፥ የእኛ ዓሣ ያለው ስንቅ ምፅዋ ላይ ከሚኖረው በአንድ አራተኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ በባትሪ ወይም በፓወር ባንክ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ይሁን። 2 ዋት የሚወስድ ፓምፕ፥ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከሚል ፓወር ባንክ ጋር ሲገናኝ፥ ብክነቱ ተቀንሶ እንኳ ወደ 12 ሰዓት ይሠራል። ከእርሱ ጋር በመብራት የሚሠራና የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓምፕ ያስፈልጋል። ውኃ አየር የሚቀበለው በገጹ ስለ ሆነ፥ ገጹ ሳይናወጥ ከታች አረፋ ማብዛት ብቻውን አይበቃም። የአየር ፓምፑ ከውኃው ከፍታ በላይ ይቀመጥ፤ ወይም በቱቦው ላይ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ይግባለት። ያለዚያ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ወለሉን ያጥለቀልቃል።

2ኛ. ገንዳውና ሥፍራው

ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል የሚለው አሳብ የተሳሳተ ነው። ውኃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨውነቱም ቶሎ ይለዋወጣል። እጅግ ትልቅ ደግሞ ለደረጃውም ለወለሉም አይመችም። 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፥ 35 ወርድና 40 ቁመት ያለው ገንዳ 100 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህም ለጀማሪ ደኅና መጠን ነው። ረጅምና ጠባብ ከሆነው ይልቅ ሰፊው ይመረጥ፤ የሰፊው ገጽ ብዙ አየር ይቀበላልና።

የባሕር ውኃ በሊትር ከ1 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። ውኃው፥ መስተዋቱ፥ ድንጋዩና መቆሚያው ሲደመሩ ከ150 ኪሎ ግራም ያልፋሉ። ይኸውም ሁለት ጎልማሶች ሌት ተቀን ሳይነቃነቁ በአንድ ሥፍራ እንደ ቆሙ ያህል ነው። ስለዚህ ገንዳው በክፍሉ መካከል ሳይሆን ከግድግዳ አጠገብ፥ ከተቻለም ምሰሶ ወይም የኮንክሪት አግዳሚ ባለበት በኩል ይቀመጥ። በረንዳ ፀሐይና ብርድ ስለሚፈራረቁበት አይሆንም። መቆሚያው በውኃ ልክ ተስተካክሎ ይተከል። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ገንዳውን በቧንቧ ውኃ ሞልቶ አንድ ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ቢያፈስ በዚያ ሳምንት ይታወቃል፤ ከታች ያሉት እትዬ ጣራቸው በጨው ውኃ ከራሰ በኋላ ይቅርታ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

3ኛ. ውኃ

የከተማችን ውኃ ከገፈርሳ፥ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል። ለሰው ጤና ተብሎ ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪን ግን ዓሣንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። ውኃውን በንጹሕ በርሜል አድርጎ አንድ ሁለት ቀን አየር እየነፉበት ቢያቆዩት ክሎሪኑ ይወጣል። የተሻለው መንገድ ውኃውን በስስ ወንፊት እየገፋ የሚያጣራው መሣሪያ ነው። ነገር ግን ይህ መሣሪያ ግፊት ይፈልጋል፤ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃም 3 ሊትር ያህል ያፈስሳል። ውኃ በተራ በሚመጣበት ብሎክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ መሣሪያው ውኃ በመጣ ቀን ይሠራ፤ የሚወጣውም ትርፍ በባልዲ ተጠራቅሞ ለልብስና ለመጸዳጃ ቤት ይዋል።

የክረምት ዝናብ ንጹሕ ይመስላል። ሆኖም ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ ውኃ ከቆርቆሮው ልባጥ ዚንክ ይዞ ስለሚመጣ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። ኦሞ ወይም በረኪና የነካው ጀሪካንም ለዚህ ሥራ አይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይባል፤ ውኃ ሲተን ጨው አይተንም። ስለዚህ የጎደለው በየዕለቱ በጨው አልባ ንጹሕ ውኃ እንጂ በጨው ውኃ አይሞላም።

4ኛ. ጨው

«አገራችን የጨው አገር ናት፤ የአፍዴራ ጨው ምን አነሰው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ እነሆ። በ1 ኪሎ ግራም የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ በቀይ ባሕር ወደ 40 ይደርሳል። ከ35ቱ ግራም የወጥ ጨው የምንለው 27 ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ማግኒዚየም፥ ካልሲየም፥ ፖታሲየም፥ ሰልፌትና ሌላም ነው። ዓሣውና በተለይም ቅርፊት የሚሠሩት ፍጥረታት ያለ እነዚህ አይኖሩም። ከአፍዴራ የሚወጣውም ሆነ በአሞሌ የሚቆረጠው ጨው ለወጥ ይበቃል፤ ለባሕር ግን አይበቃም። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተቀመመው ጨው ያስፈልጋል። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ከባሕር ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች የባሕርን ውኃ ከልዩ ልዩ ጨው ቀምሞ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል።

ሒሳቡን እንሥራ። ለ100 ሊትር መጀመሪያ 3.5 ኪሎ ግራም ጨው ይፈልጋል። በየሳምንቱ 10 ሊትር ቢለወጥ 350 ግራም፥ በዓመት ደግሞ 18 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በድምሩ የመጀመሪያው ዓመት ወደ 22 ኪሎ ግራም ይፈጃል። ይህ ጨው ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ሊጠፋም ሊወደድም ይችላል። የዓመቱን ጨው ለመግዛት የማይችል ሰው ዓሣውን ለመግዛትም ገና ነው። የጨውነቱን ልክ ለማወቅ በብርሃን የሚያነብበው ሬፍራክቶሜትር ከተንሳፋፊው መለኪያ ይሻላል። የሚፈለገው ልክ 35፥ በክብደት ሚዛን ደግሞ 1.025 እስከ 1.026 ነው። የሚለወጠውም አሮጌ ውኃ በጋራው ግቢ አትክልት ላይ አይደፋ፤ ጨው ተክልን ያደርቃልና።

5ኛ. ሙቀት

እዚህ ላይ ደጋው ይክሰናል። በሞቃት አገር ያሉ ሰዎች ውኃ ለማቀዝቀዝ ውድ መሣሪያ ይገዛሉ፤ እኛ ማሞቂያ ብቻ ይበቃናል። የባሕር ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሳሎን ከዚህ ብዙ ዝቅ ይላል። ለ100 ሊትር አንድ ባለ 150 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 75 ዋት መግዛት ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል፤ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀርም ገንዳውን ለመቀቀል አቅም አይኖረውም። ቴርሞሜትሩ ከማሞቂያው የተለየ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን ጋቢ ማልበስ ይቻላል። 100 ሊትር ውኃ ሙቀቱን ቶሎ ስለማይለቅ፥ አየር ከሙቀት ይልቅ አስቀድሞ ያስጨንቃል።

6ኛ. ማጣሪያና መመርመሪያ

የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ የተባለውን መርዝ ይፈጥራል። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቀዳዳማ ድንጋይና በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ገንዳው ያለ ዓሣ ይቆያል፤ ጥቂት የዓሣ ምግብ ብቻ ይጣልበታል። አሞኒያና ናይትራይት በመመርመሪያው ዜሮ ሲሆኑ ያን ጊዜ ቤቱ ተሠርቷል ይባላል። ስለዚህ የአሞኒያ፥ የናይትራይት፥ የናይትሬትና የፒኤች መመርመሪያ ቅንጦት አይደለም፤ ከመብራቱ በፊት የሚገዛ ነው። አረፋ እየሠራ ቆሻሻ የሚያወጣው መሣሪያ ግን ዓሣው ጥቂት ከሆነ ለኋላ ሊቆይ ይችላል።

7ኛ. ብርሃንና ጥንቃቄ

ዛጎል ድንጋይ ለማሳደግ ካልታሰበ በቀር ተራ የኤል ኢ ዲ መብራት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል። ውዱን መብራት ዛሬ የገዛ ሰው ነገ ለጨው ገንዘብ ያጣል። ጨው ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ እንደሚያስተላልፍ አይዘንጋ። ዲቫይደሩ ከገንዳው ጎን በግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ገመዱ ሁሉ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ይበል፤ ጠብታው በዚያ ይወድቃል። ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ በባለሙያ ይገባ። እጅም ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት ሁሉም ይነቀል።

እንግዲህ መሣሪያው ተሟልቶ ውኃው ሲበስል አንድ የመጨረሻ ፈተና እንመክራለን። ዓሣ ከመግባቱ በፊት በአንድ ቅዳሜ ሶኬቱን ሁሉ ነቅለን በብሎካችን መብራት ጠፍቶ የሚቆየውን ያህል ሰዓት እንጠብቅ። ፓወር ባንኩ ቆየ? ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ወረደ? ውኃ ወለል ላይ ፈሰሰ? ፈተናውን ያለፈ ገንዳ ሁለት ትናንሽ ዓሦችን ሊቀበል ይችላል። በሰው እጅ የተወለዱ ጥንድ ቀበቶ ለባሽ ዓሦች ቢገኙ መልካም ነው። ካልተገኙም ጥቁር ሞሊ የተባለው የታወቀ ዓሣ ቀስ በቀስ ከተለማመደ በጨው ውኃ ይኖራል። ፈተናውን ያላለፈው ደግሞ ለጊዜው ድንጋይና ውኃ ብቻ ይዞ ይቆይ። ባዶ ገንዳ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ያልተዘጋጀ ቤት እንግዳ መጥራት ነው።