የነፍሰ ጡር እናት ድካምና የሰበካችን ድርሻ

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

በአንድ የገጠር አጥቢያ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ባካሄድነው ትምህርት ማጠቃለያ ላይ አንዲት እናት እጇን አነሣች። ጥያቄ ሳይሆን የራሷን ታሪክ ነበር የነገረችን። ሁለተኛ ልጇን ባረገዘች በሦስተኛው ወር፣ ወቅቱም ዐቢይ ጾም ሆኖ፣ የመጀመሪያ ልጇ ዓመት ተኩል ሳይሞላው፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ወጥ ስትጠብቅ እንቅልፍ ጣላት። የነቃችው በሕፃኑ ጩኸት ነው፤ እጁ ፍም ነክቶ ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳውና የሰው ወሬ ግን ቀረ። ጎረቤቶቿ «እንቅልፋም»፣ የገዛ ቤተሰቧም «ሰነፍ» አሏት። እርሷም ድካሟን እንደ ኀጢአት ቆጥራ ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች። ኋላ በጤና ጣቢያ ስትመረመር ደም ማነስ እንዳለባት ታወቀ።

ይህን ታሪክ የምናነሣው እናቲቱን ለመውቀስ አይደለም። እርሷ ስትደክም እኛ የት ነበርን? የሚለውን ጥያቄ በጋራ ለመመርመር ነው እንጂ።

ድካሙ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት እናቲቱ ከውጭ ስትታይ ሆዷ ገና አልገፋም፤ በውስጧ ግን ታላቅ ሥራ ይሠራል። የእንግዴ ልጅ ይመሠረታል። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በብዛት ይመነጫል፤ ይህም እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ማቅለሽለሽና ማስታወክም ምግቧን ይቀንሱባታል። በሰውነቷ የሚዘዋወረው ደም እየጨመረ ሄዶ እርግዝናው ሲገፋ ከቀድሞው በእኩሌታ ገደማ ይበልጣል። ብዙ እናቶች በመካከለኞቹ ወራት ጥቂት እፎይታ ያገኛሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ የጽንሱ ክብደት፣ የወገብ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ድካሙን መልሰው ያመጡታል።

በዚህ ላይ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ሲጨመር ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ይሮጣል እንጂ አደጋን አያውቅም፤ ሌሊት ይነቃል፤ ልታዘል ይላል። እናቲቱም እርሱን በአንቀልባ አዝላ ውኃ ትቀዳለች፤ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ግራም መሆኑን ልብ ይሏል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያሳዩናል?

ነቢዩ ኤልያስ በበረሃ ደክሞት ከክትክታ ዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ በቅድሚያ ያቀረበለት ተግሣጽ ሳይሆን እንጎቻና ውኃ ነበር። ኤልያስ በልቶ ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ፤ ወደ ኮሬብ የተጓዘው ከዚህ በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 19)። እንግዲህ የሥጋ ድካም ምግብና ዕረፍት የሚሻ እንጂ በነቀፋ የሚድን አይደለም።

እመቤታችንም ዘመዷ ኤልሳቤጥ በፀነሰች በስድስተኛው ወር ፈጥና ወደ ተራራማው የይሁዳ ሀገር ወጣች፤ በዚያም ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች (ሉቃ. 1)። ወንጌሉ በእነዚያ ወራት የሠራችውን ዘርዝሮ አልጻፈልንም። ይሁን እንጂ ሦስት ወር ለሰላምታ ብቻ የሚበቃ ጊዜ እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል። እርጉዝን ቤቷ ድረስ ሄዶ አብሯት መቆየት ከእመቤታችን የተማርነው ምግባር ነው።

ሸክሙን የሚያከብዱ ልማዶቻችን

ሕዝባችን አራስን መንከባከብ ያውቅበታል። ገንፎው ይገነፋል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ አራሷ ከሥራ ትጠበቃለች። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እንክብካቤው ከወሊድ በኋላ ይጀምራል፤ እስከዚያው ነፍሰ ጡሯ እንደ ወትሮዋ ትፈጫለች፣ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች።

ሁለተኛው ልማድ እርግዝናን በመጀመሪያዎቹ ወራት መሸሸግ ነው። ምክንያቱ እፍረት ወይም የሰው ዐይን መፍራት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን ድካሙ የሚበረታው ልክ በዚያ ወቅት መሆኑ ነው፤ ያልተነገረውን ሸክም ማንም ሊያግዝ አይችልም። እናቲቱ ለሁሉ ባትናገርም ለባሏ፣ ለአንዲት የምታምናት ሴትና ለጤና ባለሙያ ትናገር ዘንድ እንምከራት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር እናት በእርግዝናዋ ወቅት ቢያንስ 8 ጊዜ፣ የመጀመሪያውንም እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ክትትል እንድታደርግ ይመክራል።

ሦስተኛው ስለ ጾም ያለው አለመረዳት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች በንስሐ አባት ምክር ጾሙ እንዲቀልላቸው ታደርጋለች። ሆኖም ብዙ እናቶች ፈቃድ መጠየቅን ያፍራሉ። ስለዚህ ካህኑ እስክትጠይቀው አይጠብቅ፤ ቀድሞ ይንገራት፤ ባልና አማት ባሉበትም ቢነግራት ይበልጥ ይጠቅማታል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

እናቲቱ ሕፃኑ በቀን ሲተኛ አብራው ትረፍ። ዕድሜው ከ1 እስከ 2 ዓመት የሆነ ልጅ የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል፤ የእርሱ እንቅልፍ ለእርሷም የዕረፍት ጊዜ ይሁን። እርሱ ነቅቶ እርሷ ጋደም ማለት ስትፈልግ በሩ የተዘጋና እሳት የሌለበት ክፍል ይመረጥ። ምድጃው ሕፃን በማያልፈው ነገር ይከለል፤ በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የፈላ ውኃ ከእጁ ይራቁ። ሽንኩርት መክተፍና እህል መልቀም ቁጭ ተብሎ ይሠራ። ልጁን ከመሬት ጎንበስ ብሎ ከማንሣት ይልቅ በርጩማ ላይ ወጥቶ ወደ ጭኗ እንዲመጣ ማልመድ ወገቧን ያሳርፈዋል።

ምግብን በተመለከተ ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምራ ትብላ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ሲገኝም እንቁላልና ሥጋ ይጠቅሟታል። እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉት ብረት ከምግቡ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛሉ፤ ቡናና ሻይ ግን ይህን ስለሚቀንሱ ከምግብ ሰዓት ይራቁ። ከጤና ተቋም የሚሰጣት የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ ይወሰድ። እንክብሉ ሰገራን ቢያጠቁር አያስደንግጥ።

ባልም ውኃ መቅዳትን፣ እንጨት ማምጣትንና ልጅ መያዝን እንደ ውርደት አይቁጠር። ካህናት አባቶች ባለትዳሮች እንደ መሆናቸው ይህን ከገዛ ቤታቸው ቢጀምሩ ትምህርታቸው በምእመናን ዘንድ ይሰማል።

ድካሙ በሽታ ሲሆን

ድካም ሁሉ የእርግዝና ጠባይ ነው ብሎ መተው አደገኛ ነው። የእጅ መዳፍና የዐይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ከገረጣ፣ ተቀምጣ ሳለ ትንፋሽ ካጠራት፣ ልቧ በኀይል ከመታ ደም ማነስ ሊሆን ይችላልና ትመርመር። ወባና የሆድ ትላትልም ደምን ያሳንሳሉ፤ ወባ ባለበት አካባቢ እናትና ልጅ በአጎበር ውስጥ ይተኙ። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዐይን መደብዘዝ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ጸበሉና ጸሎቱ ሕክምናውን አያስቀሩትም። እንዲሁም ኀዘኗ የበረታ፣ ልጇን ማየት የጠላች ወይም ስለ ሞት የምትናገር እናት ብቻዋን አትተው፤ እርሷም ሕክምና ያሻታል።

ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ?

1. ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በመነጋገር፣ በእናቲቱ ፈቃድ፣ ትንሽ ልጅ የያዙ ነፍሰ ጡሮችን ይለይ።
2. በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ውኃና እንጨት የሚያደርስ ተራ ያውጣ።
3. የጽዋ ማኅበርና የዕድር እናቶች በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ሕፃኑን እንዲይዙላት ያስተባብር።
4. በቅዳሴ ጊዜ ለነፍሰ ጡሮች መቀመጫ ያዘጋጅ፤ መቀመጣቸው እንደማያስነቅፍም በዐውደ ምሕረት ይነገር።
5. ባልና ሚስት ስለ ወሊድ መራራቅ ከጤና ባለሙያ ጋር እንዲመክሩ ያበረታታ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ለቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት መጠበቅን ይመክራልና።

የመወያያ ጥያቄዎች

በአጥቢያችን ሕፃን ይዛ ያረገዘች እናት ማን እንደሆነች እናውቃለንን? ባለፈው ጾም ስንቱን ነፍሰ ጡር ቀድመን መከርን? አራስን የምንጠይቅበትን መልካም ልማድ ወደ እርግዝናው ወራት ለማምጣት የሚያግደን ምንድን ነው?

ታሪኳን የነገረችን እናት ሁለተኛ ልጇን በሰላም ተገላግላለች። በዚያ ስብሰባ መጨረሻ ሁለት ጎረቤቶቿ ተነሥተው ይቅርታ ጠየቋት፤ ከመካከላቸው አንዷ «ያን ጊዜ ልጁን ለአንድ ሰዓት ብይዝልሽ ኖሮ» አለች። ሰበካችን ሊሰጥ የሚችለው እርዳታ ከዚህ አንድ ሰዓት ይጀምራል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።