መልሱን አስቀድሞ መጻፍ፦ ሊኑክስን በኪክስታርት ስለ መጫን

ሊኑክስ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ጥያቄዎቹን ያውቃቸዋል። ቋንቋው የትኛው ይሁን? ኪቦርዱስ? ሰዓቱ የየት አገር? ዲስኩ እንዴት ይከፈል? የሩት ፓስወርድ ምን ይሁን? አንድ ኮምፒውተር ከሆነ ቁጭ ብሎ መመለስ አይከብድም። 30 ኮምፒውተር በተደረደረበት ክፍል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ፍላሽ ይዤ ከማሽን ማሽን እየዞርኩ ሁለት ቀን ሙሉ ጫንኩ። ስጨርስ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉ ነበር፤ ግን አልነበሩም። አንዱ ላይ ሰዓቱን ሳልቀይር አልፌያለሁ፣ ሌላው ላይ ኮምፓይለር መምረጥ ረስቻለሁ። ተማሪ «የኔ ላይ አይሠራም» ባለ ቁጥር ስህተቱ የሱ ይሁን የኔ ለመለየት ስቸገር ሴሚስተሩ አለቀ።

ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። እንግዲያውስ መልሱን አንድ ጊዜ በፋይል ጽፎ ለመጫኛው መስጠት ይቻላል። በደቢያን ይህ ፋይል ፕሪሲድ ይባላል፤ በኡቡንቱ ሰርቨር ከ20.04 ጀምሮ ኦቶኢንስቶል፣ በሱሴ ኦቶያስት፣ በዊንዶውስ አንአቴንድ። እኔ የማስረዳው የሬድ ሃቱን ኪክስታርት ነው፤ ፌዶራም፣ ሮኪም፣ አልማም የሚጠቀሙት እሱኑ ነው። ትእዛዞቹ ፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እዚህ ያስቀመጥኳቸው እንደሚነበቡት ነው።

ከባዶ አትጀምሩ

የኪክስታርት ፋይል ለመጻፍ ቀላሉ መንገድ አለመጻፍ ነው። አናኮንዳ የሚባለው የሬድ ሃት መጫኛ አንድን ማሽን በእጃችሁ ጭናችሁ ስትጨርሱ፣ የመለሳችሁትን ሁሉ በኪክስታርት ቋንቋ ጽፎ በሩት ማውጫ ውስጥ «አናኮንዳ-ኬኤስ» በሚል ስም ያስቀምጥላችኋል። አንዷን ማሽን በጥንቃቄ ጫኑ፣ ያንን ፋይል አውጡና መስመር በመስመር አንብቡት። ተማሪዎቼን ከሁሉ አስቀድሜ የማሠራው ይህን ነው። የራስን ውሳኔ ተጽፎ ማየት ያስደነግጣል፤ ሳናነብ «ቀጥል» ብለን ያለፍነው ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን።

ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ሰዓት

እነዚህ ሦስት መስመሮች ቀላል ይመስላሉ፤ እኛ አገር ግን እንዲሁ የሚታለፉ አይደሉም። የኪቦርዱ መስመር ላይ የአማርኛውን አቀማመጥ ብቻ ወይም መጀመሪያ ካደረጋችሁት፣ ተጠቃሚው የመግቢያ ስሙን ሲጽፍ የሚወጣለት የግእዝ ፊደል ይሆናል፤ ስሙ ትክክል፣ ፓስወርዱ ትክክል፣ ማሽኑ ግን አያስገባም። የአሜሪካኑን አስቀድሙ፣ የአማርኛውን አስከትሉ፣ በሁለቱ መካከል የሚያቀያይሩትን ቁልፎችም እዚያው ጻፉ።

ለሰዓቱ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» የሚል ዝግጁ ስም አለ። ከጎኑ «ዩቲሲ» የሚል ቃል ካለ የማሽኑ የውስጥ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላል ማለት ነው። ያው ማሽን ላይ ዊንዶውስም ካለ፣ ዊንዶውስ ያንን የውስጥ ሰዓት እንደ አገር ሰዓት ስለሚቆጥረው 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የባትሪ ችግር ነው ተብሎ ባትሪ የተቀየረባቸው ማሽኖች አይቻለሁ፤ መንስኤው ግን ይህች ቃል ነበረች።

ዲስክ የሚያጠፋው መስመር

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። በእጅ ስንጭን መጫኛው ዲስክ ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቃል። በኪክስታርት ሲሆን ግን «ክሊርፓርት» ከሚለው ትእዛዝ ጎን «ኦል» ብላችሁ ከጻፋችሁ መልሱን ሰጥታችኋል፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ትእዛዙ የሚለው ደግሞ «የዚህን ማሽን ዲስክ አጥፋ» አይደለም፤ «የምታየውን ዲስክ ሁሉ አጥፋ» ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከጉዳት ነው። አንድ ከሰዓት አምስት ማሽኖችን ለመጫን አሰናዳሁና ማስነሻውን ተጭኜ ወጣሁ። አራተኛው ላይ የባልደረባዬ የውጭ ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ እንደተሰካ ነበር። ስመለስ አምስቱም የመግቢያ ገጽ ላይ ደርሰው በሰላም ይጠብቁኛል። በሃርድ ዲስኩ ውስጥ የሁለት ዓመት የትምህርት ዝግጅቱ ነበር፤ መጫኛው እሱንም ከማሽኑ ዲስክ ጋር አዋህዶ አንድ ማከማቻ አድርጎታል። ያን ቀን ለሱ ምን ብዬ እንደነገርኩት አሁን ድረስ ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ከ«ክሊርፓርት» በፊት «ኢግኖርዲስክ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና አንድ ዲስክ ብቻ እንዲነካ አስገድዱት። የዲስኩን ስም ስትሰጡም «ኤስዲኤ» ብላችሁ አትመኑ፤ ይህ ስም ማሽኑ ሲነሣ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚሰጥ ስለሆነ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ሊሆን ይችላል። ከዲስኩ መለያ ቁጥር ወይም ከተሰካበት ቦታ የተወሰደው ረጅም ስም አይለዋወጥም። ኬኤስ-ቫሊዴተር የሚባል መፈተሻ አለ፤ ማሽን ሳታስነሡ የፋይሉን የሰዋስው ስህተት ያወጣላችኋል። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ምን እንደተሰካ አያውቅም። ያንን ዞራችሁ በዓይናችሁ እዩ፤ ከመጫኑ በፊት የውጭ ዲስክ ሁሉ ይነቀል።

ከጭነቱ በኋላ የሚሠራው ክፍል

ፋይሉ የሚጫኑትን ፓኬጆች ከዘረዘረ በኋላ «ፖስት» የሚባል ክፍል ሊኖረው ይችላል። እዚያ የምትጽፉት ተራ የሼል ስክሪፕት ነው፤ አዲሱ ሲስተም ውስጥ ገብቶ በሩት ሥልጣን ይሠራል። የተማሪ አካውንት መክፈት፣ ፕሪንተር ማስገባት፣ የመማሪያ ፋይሎችን መቅዳት ይቻላል። አንድ ጠባዩን ግን እወቁ፦ ስክሪፕቱ መሃል ላይ ቢበላሽ ጭነቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። «ኤረር ኦን ፌል» የሚለውን ምርጫ ጨምሩበት፤ ያኔ ሲበላሽ ይቆማል። የሚናገረውንም ሁሉ ወደ ሎግ ፋይል እንዲጽፍ አድርጉ። የሩት ፓስወርድ ደግሞ በግልጽ አይጻፍ፤ ፋይሉ ኔትወርክ ላይ ሲቀመጥ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ስለሚያነበው፣ ቢያንስ የተመሰጠረው ቅርጹ ይግባ።

ፋይሉ ወደ ማሽኑ እንዴት ይሄዳል?

ለጥቂት ማሽኖች ፍላሽ ይበቃል። አናኮንዳ «ኦኢኤምዲአርቪ» የሚል ስም የተሰጠው ፍላሽ ካገኘ፣ ውስጡ ያለውን የኪክስታርት ፋይል ሳይነገረው ያነባል።

ለብዙ ማሽን ፒኤክስኢ ይሻላል። ኢንቴል የዚህን አሠራር 2.1ኛ እትም በ1999 አውጥቷል። ኮምፒውተሩ ዲስኩን ትቶ በኔትወርክ ካርዱ ይነሣል፤ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩን አድራሻ ሲጠይቅ የማስነሻ ፋይሉ የት እንዳለም አብሮ ይነገረዋል፤ ያንን በቲኤፍቲፒ ይወስድና ከርነሉን ያስነሣል፤ አናኮንዳም የመልስ ፋይሉን ከተነገረው አድራሻ ያመጣል። ፓኬጆቹን በክፍሉ ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ አስቀምጡ። እያንዳንዱ ማሽን 2 ጊጋባይት የሚያወርድ ከሆነ 30ው 60 ጊጋባይት ከኢንተርኔት ሊስቡ ነው፤ በኛ መስመር ይህ ሳምንት የሚፈጅ ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ዲኤችሲፒ ካለው ደግሞ ሁለተኛ አትክፈቱበት፤ የማታውቁት ቢሮ ኔትወርክ ይቋረጣል። ክፍሉን በራሱ ስዊች ለይታችሁ ሥሩ።

የማያልቀው ጭነት

ጀማሪን ሁሉ የሚይዘው ይህ ነው። ማሽኑ በኔትወርክ ይነሣል፣ ዲስኩን ያጠፋል፣ ይጭናል፣ በታዘዘው መሠረት ሪስታርት ያደርጋል። በባዮሱ ቅደም ተከተል ኔትወርኩ ከዲስኩ ይቀድማልና እንደገና በኔትወርክ ይነሣል፣ አሁን የጫነውን ያጠፋል፣ እንደገና ይጭናል። ማታ አስነሥታችሁ ከሄዳችሁ ጠዋት ለስንተኛ ጊዜ እየጫነ እንደሆነ አታውቁም።

መፍትሔው ፒኤክስኢ ሲነሣ በሚያሳየው የምርጫ ዝርዝር ላይ ነው። ማንም ምንም ካልነካ የሚመረጠው «ከራስህ ዲስክ ተነሣ» የሚለው ይሁን፤ ጭነቱ ሰው ወርዶ ሲመርጠው ብቻ ይጀምር። ለ30 ማሽን 30 ጊዜ ቁልፍ መጫን ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። እኔ ግን ያቺን አንድ ቁልፍ ሆን ብዬ ለሰው እተዋታለሁ፤ ለመጫን ጎንበስ ስትሉ ከማሽኑ ጀርባ የተሰካውን ታያላችሁ።