ላብአደር ሴት፣ ጋብቻና ወሊድ

«ደመወዝ የለመደች ሴት ባልም ልጅም አትፈልግም» ሲባል ያልሰማ የለም። በጥናት ክበባችን ስንወያይበት ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ ሆኖ አላገኘነውም።

ገንዘብ ማግኘት ብቻውን ወሊድን አይከለክልም። የጉልት ነጋዴዋ፣ ጥጥ ፈትላ የምትሸጠዋ፣ እንጀራ ጋግራ የምታድረዋ ሁሉም ገንዘብ ያገኛሉ፤ ልጃቸውንም አዝለው ይሠራሉ። ነገሩ የሚለወጠው ፋብሪካ ሲገባ ነው። እዚያ ፈረቃ አለ፤ ማሽኑም ሕፃን አለቀሰ ብሎ አይቆምም። ቤትና ሥራ ተለያዩ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ዋናው ጥያቄ «ልጁን ማን ይይዛል?» የሚለው ይሆናል።

በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቀጠሩት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ያደሩ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ በዚያች ክፍል ትዳር የት ይመሥረት?

ሥራ ማጣትም ቢሆን ጋብቻን ያዘገያል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአገር ደረጃ በአማካይ 4.6 ሲሆን በአዲስ አበባ 1.8 ብቻ ነበር። ታዲያ የአዲስ አበባ ሴት ሁሉ ደመወዝተኛ ሆና ነው? አይደለም። ተመራማሪዎች ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ የጋብቻ መዘግየት ነው፤ ከጀርባው ደግሞ የሥራ እጦትና የቤት ችግር አለ።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅድ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የኋለኛውን 90 አድርሶታል። ደግ አድርጓል። ዳሩ ግን ሐኪሞች ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። የቀረውን ሦስት ወር ማን ይሙላው? በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግለዋንማ አዋጁ ለብቻው ለሚወጣ ደንብ ትቷታል፤ የሌላውን ልጅ እያሳደገች የራሷን ለአያት የምትልከው እሷ ናት።

አያት በሌለበት ቤት ሕፃኑን የምትይዘው ብዙ ጊዜ ታላቅ እኅቱ ናት። ነገ እኛ ስም ስንጠራ አቤት የሚል ጠፍቶ «ቀሪ» ብለን ከምንመዘግባቸው ልጃገረዶች አንዷ፣ እናቷ ከፈረቃ እስክትመለስ ሕፃን አዝላ ቤት የዋለች ትሆናለች።