ሰውን በማዳመጥ ራሱን እንዲያውቅ ስለ መርዳት

ሰው የሩቁን ነገር መርምሮ ለማወቅ ሲደክም፥ የቅርቡን፥ ይኸውም የገዛ ልቡን፥ ሳያውቀው ይኖራል። ቍጣው ከምን እንደሚነሣ፥ ኀዘኑም ስለ ምን እንደማይለቀው ቢጠየቅ የሚመልሰው አጥቶ ዝም ይላል፤ ወይም ምክንያቱን በሌላ ሰው ላይ ያላክካል። እንዲህ ያለውን ሰው ለመርዳት ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም መምከር ነው። ዛሬ የምንመለከተው ግን ከምክር አስቀድሞ ስለሚያስፈልገው ስለ ማዳመጥ ነው።

ይህን ነገር በሥራ ፈትነው ካስተማሩት የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ካርል ሮጀርስ ናቸው። እኒህ ሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በቺካጎ አጠገብ ተወለዱ፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለመሆን አስበው በኒው ዮርክ ከተማ በዩኒየን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተምረው ነበር። ኋላ ግን ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው ሥነ ልቡናን አጠኑ፤ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮም በሮቸስተር ከተማ 12 ዓመት ያህል ችግር ያገኛቸውን ልጆችና ወላጆቻቸውን ሲረዱ ኖሩ።

በዚያ ሳሉ ያጋጠማቸውን አንድ ነገር ራሳቸው ጽፈውታል። አንዲት እናት እጅግ ስላስቸገራት ልጇ ልትመክር ትመጣ ነበር። ዶክተር ሮጀርስ የልጁ ጠባይ የተበላሸው እናቲቱ በሕፃንነቱ ስላልተቀበለችው ነው ብለው አሰቡ፤ ይህንም እንድታስተውለው በብዙ ቀን ንግግር በዝግታ ደከሙ። እርስዋ ግን አላስተዋለችውም። በመጨረሻ ሁለታችንም ሞከርን፥ አልሆነልንም፥ እንተወው ብለዋት ተስማማች፤ ተሰናብታም ወደ በሩ ሄደች። ከበሩ ስትደርስ ግን ዘወር ብላ፥ ለዐዋቂ ሰውም ምክር ይሰጥ እንደ ሆነ ጠየቀች። ይሰጣል ቢሏት ተመልሳ ተቀመጠች፤ ስለ ትዳሯና ከባሏ ጋር ስላላት ችግር፥ ተስፋ ስለ መቍረጧም ቀድሞ ያልተናገረችውን ሁሉ አፈሰሰችው። እውነተኛው ርዳታ የተጀመረው ከዚያች ሰዓት ወዲህ ነው፤ ለእርስዋም ለልጇም በጎ ፍጻሜ ሆነ። ዶክተር ሮጀርስም ሕመሙ የቱ ላይ እንደ ሆነና ወዴት መሄድ እንደሚገባ የሚያውቀው ባለሕመሙ ራሱ መሆኑን ከዚህ ተረዱ።

ስለዚህ ወደ እሳቸው የሚመጣውን ሰው ሕመምተኛ ከማለት ይልቅ ባለጉዳይ ማለትን መረጡ። በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙትም መጽሐፍ ከአንድ ባለጉዳይ ጋር የተደረገውን ንግግር በሸክላ ተቀርጾ እንደ ነበረ በሙሉ አወጡት። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ከረጂው የሚፈለጉትን ሦስት ነገሮች ገልጠው ጻፉ። አንደኛው እውነተኛነት ነው፤ በልቡ ያለው ሌላ፥ በፊቱ የሚያሳየው ሌላ እንዳይሆን ነው። ሁለተኛው ሰውን ያለ ውል መቀበል ነው፤ ይህም ክፉን ሥራ መልካም ነው ማለት ሳይሆን፥ ስለ ሥራው ሰውየውን አለመናቅ ነው። ሦስተኛው የባለጉዳዩን ኀዘን፥ የራስ ሳያደርጉ፥ እንደ ራስ አድርጎ ማስተዋል ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ወንድሜን ላየው አልወድም ቢል፥ መካሪው ወዲያው ወንድምህ ነውና ታረቅ ይለዋል። የሚያዳምጠው ግን፥ «ስታየው የሚያስቈጣህ ነገር አለ ማለት ነው?» ብሎ የሰማውን ይመልስለታል። ሰውየውም ጥቂት አስቦ፥ «ቍጣስ አይደለም፤ አባታችን ሲሞት ሳይጠብቀኝ ቀበረው» ይላል። እነሆ፥ ቍጣ የመሰለው ኀዘን ኖሯል። አዳማጩ ቢሳሳት እንኳ ተናጋሪው ለማረም ሲል ልቡን ይመረምራል። ነቀፌታን የሚፈራ ሰው ጕድለቱን ከሌላው ብቻ ሳይሆን ከራሱም ይሰውራልና፥ ፍርሃቱ ሲቀልለት የሸሸገውን ለማየት ይደፍራል።

ይሁን እንጂ የዚህን ትምህርት ወሰኑን ማወቅ ይገባል። ዶክተር ሮጀርስ እስከ ሞቱበት እስከ 1987 ዓ.ም. ድረስ በዚህ መንገድ ቢጸኑም፥ ማዳመጥ ብቻውን ለሁሉ ይበቃል የሚለውን ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። አእምሮው በጽኑ የታወከ ወይም ራሱን ለመግደል የሚያስብ ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሊደርስ ያስፈልገዋል።

የንስሐ አባት አገልግሎትም ከሥነ ልቡና ዐዋቂ ሥራ የተለየ ነው፤ ካህን ያስተምራል፥ ቀኖና ይሰጣል፥ ይጸልያል፥ ይፈታል። ነገር ግን ወደ አንዱም ወደ ሌላውም የሚመጣው ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው የሚሰማው ጆሮ ነው። ያችን እናት እናስብ፤ በበሩ ወጥታ ብትሄድ ኖሮ፥ ኀዘኗን ማንም ሳይሰማላት በቀረ ነበር። ከእኛም ዘንድ ምክር ተቀብለው፥ እጅ ነሥተው፥ ዋናውን ነገር ሳይናገሩ የሚመለሱ ስንቶች ይሆኑ? እንግዲህ የተጨነቀ ሰው ሲመጣ ለመመለስ አንቸኵል፤ ተናግሮ እስኪፈጽም እንታገሥ፤ የተናገረውን በሚገባ መስማታችንን እርሱኑ እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ምሥጢር እንጠብቅ። ከዚህ በኋላ የምንሰጠው ምክር ጥቂት ቢሆንም ስፍራውን ያገኛል።